የአዳራሹ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

መስከረም 1 ቀን በየዓመቱ እግሬ ሳይታዘዝ ወደ መርካቶ ይወስደኛል። ለአብዛኛው የአዲስ አበባ ነዋሪ ዕለቱ የዘመን መለወጫ ነው፤ በራጉኤል ዙሪያ ተወልደን ላደግን ሰዎች ግን የደብራችንም ዓመታዊ ክብረ በዓል ነው። ዘንድሮም እንደ ልማዴ አስቀድሼ ስወጣ የእህቴ ልጅ አብሮኝ ነበር። የሃያ ዓመት ወጣት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከመርካቶ ርቆ በኮንዶሚኒየም መንደር ያደገ ልጅ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ አውቶቡስ ተራ አቅጣጫ ስንራመድ ሱቆቹ በበዓሉ ምክንያት ተዘግተው ስለነበር በመንገዱ ላይ እንግዳ የሆነ ጸጥታ ሰፍኗል። እኔም ጸጥታው አደፋፍሮኝ የልጅነት ትዝታዬን መተረክ ጀመርኩ። «በዚህ በኩል ሲኒማ ራስ ነበረ፤ ሲኒማ አዲስ ከተማም ከዚህ አይርቅም ነበር» አልኩት። ልጁ ቆም ብሎ አየኝና «ጋሼ፣ መርካቶ ውስጥ? መርካቶ ውስጥ ሲኒማ የሚከፍተው ማን ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

ጥያቄው ከአፉ የወጣው በየዋህነት ነው። ከእኔ አእምሮ ግን እስከ ዛሬ አልወጣም። «የሚከፍተው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ፣ ጥቂት ሰፋ አድርገን ካየነው፣ የመቶ ዓመት የፖለቲካ ታሪካችንን የሚያስመረምር ጥያቄ ነውና። ስለ ፊልም ሲወራ ስለ ተዋናዩ፣ ስለ ዳይሬክተሩ፣ ቢበዛ ስለ ደራሲው ይወራል። ስለ አዳራሹ ባለቤት የሚጽፍ ሰው ግን እምብዛም አይገኝም። ሆኖም ፊልም የቱንም ያህል ቢያምር የሚታይበት አዳራሽ ካላገኘ ተጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ ዕቃ አይለይም። በመሆኑም ውድ አንባቢያን፣ በዛሬው ጽሑፌ ስለ በሩና ስለ ቁልፉ፣ በተለይም በአንድ እጃቸው ፊልም እየሠሩ በሌላው እጃቸው አዳራሽ ስላቆሙ ሰዎች ላወጋችሁ ወድጃለሁ።

የእኔ ቤተሰብ ለዚህ ታሪክ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። የእናቴ ታናሽ ወንድም በሰፈራችን አቅራቢያ በሚገኝ አንድ ሲኒማ ቤት ለረጅም ዓመታት በር ጠባቂና ቦታ አስያዥ ሆኖ ሠርቷል። ፊልም ከተጀመረ በኋላ ለሚገባ ተመልካች በባትሪ እያበራ ወንበሩን የሚያሳየው እርሱ ነበር። በዚህም የሰፈሩ ሰው «ባለ ባትሪው» ይለው ነበር። ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

የሰይጣን ቤት

ሲኒማ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ግድም ነው። ሉሚዬር የተባሉት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች ፓሪስ ላይ ፈጠራቸውን ለሕዝብ ያሳዩት እ.ኤ.አ በ1895 መሆኑን ስናስብ ኢትዮጵያ ከዚህ ግኝት ጋር ለመተዋወቅ አልዘገየችም ለማለት እንችላለን። ይሁንና የትውውቁ መንገድ ከጅምሩ ሁለት ነገሮችን አሳይቶናል። አንደኛ፣ መሣሪያው የመጣው በውጭ ሰዎች እጅ፣ ለቤተ መንግሥት እንደሚቀርብ ገጸ በረከት ሆኖ ነው። ሁለተኛ፣ በከተማው የሕዝብ ማሳያ ቤት በተከፈተ ጊዜ ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው።

ይህን ስያሜ ብዙዎቻችን የኋላ ቀርነት ምልክት አድርገን እንስቅበታለን። እኔ ግን ከዕድሜዬ ጋር አብሬ እየተጠራጠርኩ መጥቻለሁ። በጨለማ ክፍል ውስጥ ሰብስቦ በብርሃን የሚያናግር ኃይል ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ ያ ሕዝብ ገና ከጠዋቱ አውቆታል ብል ማጋነን አይመስለኝም። ገዢዎቻችንም አውቀውታል። የአፄ ኃይለ ሥላሴ የ1923 ዓ.ም የንግሥ በዓል በውጭ አገር ካሜራዎች ተቀርጾ በዓለም እንዲታይ የተደረገው በከንቱ አልነበረም።

ይህን ኃይል በክፉ ሥራ ላይ ለማዋል ከሁሉም የባሰው ፋሽስት ጣሊያን ነው። በአምስቱ የወረራ ዓመታት አዲስ አበባ በቀለም ልትከፈል ታቀደ። በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ የነበረው ትልቁ ገበያ ወደ ምዕራብ ተገፍቶ ለአገሬው ሰው በተመደበው አዲስ ከተማ እንዲሰፍር ተደረገ። «መርካቶ» ብለን እየጠራን ዛሬ የእኛነታችን መገለጫ ያደረግነው ስም ራሱ የጣሊያንኛ ቃል መሆኑን፣ የተሰጠውም ለመለያየት መሆኑን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? የመዝናኛ ስፍራዎችም ከዚህ መለያየት አላመለጡም፤ ነጭ የሚገባበት ሲኒማ ቤት ለሐበሻ የተከለከለ ነበር። እንግዲህ በራጉኤል ዙሪያ ያለው የከተማ ኑሮ የተወለደው «እናንተ በዚያ በር አትገቡም» ከተባለበት ዘመን ነው። መርካቶ ለዚህ የሰጠው መልስ ደግሞ ይታወቃል፤ የተወረወረበትን ቦታ የአገሪቱ የንግድ እምብርት አደረገው።

ከነፃነት በኋላ አዳራሾቹ ለሁሉም ተከፈቱ። ጣሊያኖች «ማርኮኒ» ብለው የጀመሩት ሕንፃም ተጠናቅቆ በ1948 ዓ.ም፣ በንጉሠ ነገሥቱ የንግሥ 25ኛ ዓመት፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሆኖ ተመረቀ። የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ማለት ነው። በየሲኒማ ቤቱ የሚታየው ፊልም ግን የአሜሪካ፣ የህንድና የአውሮፓ ነበር። የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ልቦለድ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» የታየው በ1957 ዓ.ም ነው። የጻፈው ኢላላ ኢብሳ፣ ያዘጋጀው ግሪካዊው ላምብሮስ ጆካሪስ ነበር። ቀጥሎ የሚጠቀሰው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለደው የግሪክ ዝርያ ሚሼል ፓፓታኪስ የሠራው «ጉማ»፣ የመጣው በአብዮቱ ዋዜማ፣ በ1966 ዓ.ም ነው። በሁለቱ መካከል ዘጠኝ ዓመት አለፈ። የሦስት ሺህ ዓመት ታሪክ አለን የምንል ሰዎች በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሁለተኛ ፊልም ማውጣት ያቃተን ተረት አጥተን አይደለም። ለአንድ አስመጪ የተዘጋጀ የህንድ ፊልም ማምጣት አዲስ የአማርኛ ፊልም ከማሠራት እጅግ ይረክሳል። አዳራሹን የያዘው ነጋዴ ደግሞ ፊልም ሠሪ አልነበረም፤ ፊልም ሠሪውም አዳራሽ አልነበረውም።

በሙዚቃው በኩል የሆነውን ብናነጻጽር ነገሩ ይበልጥ ይገለጥልናል። ሸክላ የማሳተም መብት በመንግሥት ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ በተሰጠበት ዘመን አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት የሙዚቃ ቤት ባለቤት በ1961 ዓ.ም ክልከላውን ተጋፍቶ በራሱ ማሳተም ጀመረ። ዛሬ ዓለም «ወርቃማው ዘመን» የሚለው የሙዚቃ ሀብታችን ጉልህ ክፍል በዚያ ድፍረት የተገኘ ነው። ያ ወጣት ሱቅ ነበረው፤ ሱቁ ደግሞ ደንበኛ ነበረው። ፊልማችን ያጣው ይህንኑ ነበር።

ከውጭ ቆልፍ

አብዮቱ ፈነዳ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። በእነዚያው የውርስ ዓመታት ሲኒማ ቤቶቹም በመንግሥት እጅ ገቡ። አጎቴ ይህን ሲተርክ «ባለቤቱ ሄደ፣ ቁልፉ ግን እኔው ኪስ ውስጥ ቀረ» ይል ነበር፣ እየሳቀ። በደርግ ዘመን ሲኒማ ራስ ራስ ቴአትር ሆነ። በፊልም ረገድ በመጀመሪያ የፊልም ማዕከል፣ ኋላም በ1979 ዓ.ም ግድም የኢትዮጵያ ፊልም ኮርፖሬሽን ተቋቋመ። ሙያተኞች ወደ ውጭ እየተላኩ ሠለጠኑ፣ መሣሪያ ተገዛ፣ በርካታ ዘጋቢ ፊልሞችም ተሠሩ። ይህን በጎ ጎን መካድ ተገቢ አይደለም። ሰሎሞን በቀለ ወያ «አስቴር» የተሰኘውን ረጅም ልቦለድ ፊልም ለማጠናቀቅ የበቃው በዚያ ተቋም ውስጥ በተጠራቀመ ዕውቀት ነው። ፊልሙ ለተመልካች የደረሰው ግን ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም ነው። ኮርፖሬሽኑም በኢሕአዴግ ዘመን ፈረሰ።

የመንግሥት ባለቤትነት ሌላ ገጽ ነበረው፤ እኔ የሰማሁት ከመጽሐፍ አይደለም። አጎቴ ለሠላሳ ዓመታት ሳይናገር ያቆየውን አንድ ታሪክ የነገረኝ በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። በቀይ ሽብር ጊዜ፣ እርሱ ይሠራበት የነበረው አዳራሽ ለስብሰባ ይፈለግ ነበር። አንድ ቀን ሕዝቡ ገብቶ ካለቀ በኋላ አንድ መሣሪያ የታጠቀ ሰው ወደ እርሱ ቀረብ ብሎ «ከውጭ ቆልፍ» አለው። ቆለፈ። ውስጥ ምን እንደተባለ፣ ማን ማንን እንዳጋለጠ አላየም፤ ድምፅ ብቻ ሰማ። ሲከፍት፣ ከገቡት መካከል አንዳንዶቹ በሌላ በር ወጥተው እንደነበር ገባው። ከእነርሱ ውስጥ ሁለቱን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ያውቃቸዋል፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በባትሪው እየመራ ከፊት ወንበር ያስቀምጣቸው የነበሩ የሰፈር ልጆች ነበሩ። ከዚያ ወዲያ በሕይወት አላያቸውም።

«እኔ በር ከፋች ነበርኩ፤ ሥራዬ መክፈት ነበር» አለኝ። ሌላ አልጨመረም።

አገር ያለ አዳራሽ፣ አዳራሽ ያለ አገር

በዚያው ዘመን ከጎንደር የሄደ አንድ ሰው በአሜሪካ ሌላ ዓይነት የቁልፍ ትግል ይዞ ነበር። ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተሰኘውን ፊልሙን አገር ቤት መጥቶ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀርጾ፣ እ.ኤ.አ በ1976 በስዊዘርላንዱ የሎካርኖ ፌስቲቫል ተሸለመበት። በእኔ ግምት ግን ከሽልማቱ የሚበልጠው የኃይሌ ታሪክ የ«ሳንኮፋ» ታሪክ ነው። ስለ ባሪያ ንግድ የሚናገረው ይህ ፊልም እ.ኤ.አ በ1993 በበርሊን ፌስቲቫል ለውድድር ቀርቦ ሳለ በአሜሪካ አከፋፋይ ኩባንያ አላገኘም። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ፊልሙን አቅፎ ያለቅስ ነበር። ኃይሌና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና ግን እ.ኤ.አ በ1982 ባቋቋሙት የራሳቸው ድርጅት አማካይነት ሲኒማ ቤት እየተከራዩ፣ ከተማ ለከተማ እየዞሩ፣ በጥቁር ሕዝብ ማኅበራት ድጋፍ ፊልሙን ራሳቸው አሳዩ። ሕዝቡም ጎረፈ። ከዚያም በዋሽንግተን ዲሲ በጆርጂያ ጎዳና፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ በፊልሙ ስም የመጻሕፍትና የቪዲዮ ቤት ከፈቱ። «ጤዛ» በቬኒስ እ.ኤ.አ በ2008 ሲሸለም፣ በቀጣዩም ዓመት በዋጋዱጉ ፌስፓኮ ታላቁን የየኔንጋ ፈረስ ሽልማት ሲያገኝ፣ ከጀርባው ይህ የሩብ ምዕተ ዓመት የ«በራችንን ራሳችን እንክፈት» ትግል ነበረ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ግልጽ ይመስለኛል። ነፃ ነው በሚባለው ገበያም ቢሆን ቁልፉን የያዘው ሌላ ሰው ከሆነ ፊልምህ ከደጅ ይቀራል። በአዋጅ የሚዘጋ በር እንዳለ ሁሉ በዝምታ የሚዘጋ በርም አለ።

ከቪዲዮ ቤት እስከ ሰባስቶፖል

ወደ ራጉኤል ልመልሳችሁ። እኔ ጎረምሳ በነበርኩበት ዘመን፣ ማለትም በ1980ዎቹ፣ የመርካቶ እውነተኛ ሲኒማ ቪዲዮ ቤቱ ነበር። በቆርቆሮ የታጠረች አንዲት ክፍል፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ማጫወቻ፣ አግዳሚ ወንበሮች። ሃምሳ ሳንቲም ከፍለን የህንድ ፊልምና የካራቴ ፊልም እናያለን። ትልልቆቹ ሰዎች ቤቱን የዱርዬ መዋያ ያደርጉት ነበር፤ ሙሉ በሙሉም አልተሳሳቱም። ነገር ግን የእነዚያ ቤቶች ባለቤቶች አንድ ነገር አረጋግጠዋል፦ የመርካቶ ሰው ለታሪክ ገንዘብ ይከፍላል። በምዕራብ አፍሪካ ይህን የተረዳው ኬኔዝ ንኔቡዌ የሚባል የናይጄሪያ የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ እ.ኤ.አ በ1992 «በባርነት መኖር» የሚል ትርጉም ያለውን የቪዲዮ ፊልም አሠርቶ በካሴት ቸበቸበው። ዛሬ ኖሊውድ የሚባለው ግዙፍ ኢንዱስትሪ ልደቱን ብዙ ጊዜ ከዚህ ይቆጥራል። ኖሊውድን የወለደው ፊልም ትምህርት ቤት አይደለም፤ መርካቶን የመሰለ ገበያ ነው።

በእኛ አገር ተመሳሳዩ የሆነው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። ዲጂታል ካሜራ የሴሉሎይድን ወጪ አስቀረ። «ጉዲፈቻ»ን፣ «ቀዝቃዛ ወላፈን»ን የመሳሰሉ በቪዲዮ የተሠሩ ፊልሞች በትልልቅ ሲኒማ ቤቶች ታዩ፣ ሕዝቡም በሰልፍ ተቀበላቸው። ዮናስ ብርሃነ መዋ በ«ሄርሜላ» ተከተለ። (ኋላ በ2006 ዓ.ም የተጀመረውንና በፓፓታኪስ ፊልም ስም የተሰየመውን የጉማ ሽልማትም ያቋቋመው እርሱ ነው።) ሲኒማ አምፒር፣ ሲኒማ ኢትዮጵያና አምባሳደር በአማርኛ ፊልም ተመልካች ተጨናነቁ። ሆኖም አዳራሾቹ ጥቂት፣ ባለቤቱም መንግሥት ነበር። ፊልም ሠሪው ወረፋ ይጠብቃል፤ ወረፋው ሲደርሰው ተመልካቹ የሚቀመጥበት ወንበር የተሰበረ፣ ድምፁ የሚያስተጋባ ይሆናል።

በዚህ ጊዜ ነው «ቀዝቃዛ ወላፈን»ን የሠራው ቴዎድሮስ ተሾመ ሌላውን እርምጃ የተራመደው። ጽፎ፣ አዘጋጅቶ፣ ፕሮዲውስ አድርጎ፣ አንዳንዴም ተውኖ አልበቃውም፤ ሰባስቶፖል ብሎ የሰየመውን የራሱን ሲኒማ ቤት ከፈተ። ሰባስቶፖል ከውርሱ ዘመን በኋላ በአዲስ አበባ ከተከፈቱት ቀዳሚ የግል ሲኒማ ቤቶች አንዱ ነው። ቦሌ መንገድ ላይ በአትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሕንፃ የተከፈተው ዓለም ሲኒማ፣ ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ በኤድና ሞል ውስጥ የተከፈተው ማቲ ሲኒማም የዚሁ ማዕበል ክፍል ነበሩ። ልዩነቱ፣ ቴዎድሮስ የመጣው ከካሜራው በኩል መሆኑ ነው።

ስሙን ልብ በሉት። አፄ ቴዎድሮስ «መድፍ ሥሩልኝ» ብለው በጋፋት የነበሩትን አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ያስጨነቁት፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሰባስቶፖልን በ1859 ዓ.ም ያሠሩት፣ ከዚያም በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ እንዲወጣ ያደረጉት፣ የውጭውን ኃይል በራስ መሣሪያ ለመመከት ነበር። መድፉ በመቅደላ ጦርነት ንጉሡን አላዳነም። ይህን እያወቀ አንድ ሞክሼ ፊልም ሠሪ አዳራሹን በዚያ ስም መጥራቱ ጉራ ብቻ አይመስለኝም። «መሣሪያውን ራሳችን ካልያዝነው» የሚል የቆየ የኢትዮጵያውያን ቁጭት አለበት።

ከዚህ በኋላ ያለው የሰውዬው የፊልም ዝርዝር ይህንኑ ይመሰክራል፦ «ቀይ ስህተት»፣ «አባይ ወይስ ቬጋስ»፣ ስለ ስደት የሚያወሳው «ሦስት ማዕዘን»። ፊልሞቹን እንደ ሃያሲ ብመዝናቸው የምነቅፈው ብዙ አለኝ፤ ስብከት ይበዛባቸዋል፣ ሙዚቃቸው ስሜትን ይጎተጉታል። ነገር ግን የርእሶቹን ስፋት ተመልከቱ፤ ኤድስ፣ ቀይ ሽብር፣ አባይ፣ ስደት። የፍቅር ኮሜዲ ብቻ ገበያ በነበረበት ዘመን አንድ ሰው እነዚህን ለመንካት የደፈረበት አንዱ ምክንያት፣ «ይህን አናሳይም» የሚለው አዳራሽ ቢበዛ እንኳ የሚያሳይበት በር ስላለው ይመስለኛል።

«ቀይ ስህተት» በወጣ ጊዜ አጎቴን ወስጄዋለሁ። ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ ሲኒማ ቤት ከገባም ዓመታት አልፈዋል። ከተመልካቹ መካከል የሚያለቅስ ነበረ፣ የሚያጉረመርም ነበረ። አጎቴ ግን ፊልሙን በሙሉ ዓይኑ አላየውም፤ በየመሀሉ ዞር እያለ ወደ በሩ ይመለከት ነበር። መጀመሪያ የቆየ የሥራ ልማድ መስሎኝ ነበር። ስንወጣ፣ ሻይ ይዘን ተቀምጠን፣ ከላይ የጻፍኩላችሁን የ«ከውጭ ቆልፍ» ታሪክ ነገረኝ። ለሚስቱም አልነገረም ነበር። አንድ ፊልም፣ ሃያሲ ነኝ ባይ እኔ ጉድለቱን የምቆጥርበት ፊልም፣ ሠላሳ ዓመት የተቆለፈ አፍ ከፈተ። ስለዚህ ስለ ፊልም ሠሪ ነጋዴዎች ሲወራ «ገንዘብ ፈላጊዎች ናቸው» የሚለውን ቀላል ፍርድ መቀበል አቅቶኛል።

ሁሉም ቁልፍ በአንድ ኪስ

ይህን ስል ግን ውዳሴ እየደረደርኩ አይደለም። ፊልም ሠሪው የአዳራሽ ባለቤት ሲሆን አደጋም አለው። የራሱን ፊልም ለወራት እያሳየ የሌላውን ወጣት ሥራ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሊያስቀምጠው ይችላል። ይህ የማንም ሰው የግል ጠባይ ሳይሆን የአሠራሩ ጠባይ ነው። አሜሪካኖች ይህን ፈተና ከእኛ ቀድመው አይተውታል። ትልልቆቹ የሆሊውድ ስቱዲዮዎች ፊልሙንም አዳራሾቹንም ይዘው ሌላውን በማስገደዳቸው የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ በ1948 በፓራማውንት ጉዳይ ወሰነባቸውና ሲኒማ ቤቶቻቸውን ከስቱዲዮዎቻቸው እንዲለዩ ተገደዱ። ያ ሥርዓት የተሻረው እ.ኤ.አ በ2020 ነው፤ ስለ ጥቅሙና ጉዳቱም ዛሬ ድረስ ይከራከራሉ። የእኛ ችግር ግን ገና እዚያ አልደረሰም። እነርሱ የታገሉት በሺህ የሚቆጠሩ አዳራሾች በጥቂቶች እጅ መግባታቸውን ነው፤ እኛ በጣት የሚቆጠሩ አዳራሾች ይዘን ማን ይያዛቸው እንላለን። ቁልፍ በአንድ ኪስ እንዳይከማች መፍትሔው ቁልፍ ያዡን መቅጣት ሳይሆን በሮቹን ማብዛት ነው።

አዳራሽ መኖሩ ብቻውን በቂ እንዳልሆነም አይተናል። ጠለፋን የሚመለከተው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት»፣ በአሜሪካ የሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካች ሽልማት ካገኘ በኋላ፣ በነሐሴ 2006 ዓ.ም በብሔራዊ ቴአትር ሊመረቅ እንግዳው ሁሉ ተቀምጦ ሳለ በፍርድ ቤት እግድ ቆመ። ኋላ እግዱ ተነሥቶ ታየ። ስለ ክርክሩ ይዘት እዚህ መዳኘት አልሻም። የማስታውሰው ያንን ምስል ነው፤ የሞላ አዳራሽ፣ የበራ መብራት፣ ባዶ ሸራ።

ከዚያ በኋላ ምቱ ተደራረበ። በ2008 ዓ.ም ቃና ቴሌቪዥን የቱርክን ተከታታይ ድራማ በአማርኛ እያናገረ ወደየሳሎናችን አስገባ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም የኮሮና ወረርሽኝ በሮቹን ሁሉ ዘጋ። ሲከፈቱ ተመልካቹ በስልኩ ዩቲዩብ ማየት ለምዶ ነበር። በ2010 ዓ.ም የሚኒስትሮች ምክር ቤት የፊልም ፖሊሲ አጽድቋል፤ ነገር ግን ፖሊሲ ወንበር አይሆንም። በ2016 ዓ.ም የፒያሳ ነባር ሰፈሮች ሲፈርሱ ብዙዎቻችን ስለ ሕንፃዎቹ ዕድሜ ተከራከርን። በሕንፃዎቹ ውስጥ ስለነበረው የመሰብሰቢያ ልማድ ግን ጥቂት ተናገርን። የመርካቶው የራስ ቴአትር አሮጌ አዳራሽ የፈረሰው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ ባለቤቱ «ሕዝብ» የሆነ አዳራሽ ሲፈርስ ግን «ምነው?» የሚል ባለቤት አይገኝም።

«ታዲያ በስልክ ብናይስ ምን ይጎድላል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። የእህቴ ልጅም ይህንኑ ነው ያለኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። የስልኩም ቁልፍ በሰው እጅ መሆኑን፣ ያውም በማናውቀው አገር በተቀመጠ ኩባንያ እጅ መሆኑን ለጊዜው እንተወው። የሚጎድለው ከጎንህ የሚቀመጠው ሰው ነው። በልጅነቴ በመርካቶ አዳራሽ ከራጉኤል ቅዳሴ የወጣውና ከአንዋር መስጊድ ስግደት የተመለሰው፣ ጉራጌው ነጋዴና የጎጃሙ ተሸካሚ፣ አንድ ረድፍ ላይ ተቀምጠው በአንድ የህንድ ተዋናይ ሐዘን አብረው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ፖለቲካችን ሰውን በየብሔሩና በየሃይማኖቱ በሚደለድልበት በዚህ ዘመን፣ ከማታውቀው ሰው ጋር በጨለማ ተቀምጠህ በአንድ ነገር መሳቅ ቀላል ነገር ነው እንዴ? አጎቴ ያን ቀን ታሪኩን የነገረኝ ፊልሙን ስላየ ብቻ አይመስለኝም። ሌሎች ሰዎችም አብረውት ሲያለቅሱ ስለ ሰማ ነው።

ስለዚህ ከተማይቱን በአዲስ መልክ የሚገነቡ ባለሥልጣናትን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። መንገዱ ይስፋ፣ መብራቱ ይብራ፣ መልካም ነው። በየገበያ ማእከሉ ፎቅ ላይ፣ በየክፍለ ከተማው፣ በተለይም መርካቶ ውስጥ፣ ሁለት መቶ ሰው የሚይዝ አዳራሽ ለሚከፍት ዜጋ ግብሩ ይቅለል፣ ቦታው ይሰጥ። ፊልም ሠሪው ይክፈተው፣ ማኅበር ይክፈተው፣ የጨርቅ ነጋዴው ይክፈተው። የሚታየውን ፊልም ግን ለተመልካቹ ተዉለት።

አጎቴ ካረፈ ዓመታት ተቆጥረዋል። ከዕቃዎቹ መካከል ባትሪው ለእኔ ደረሰኝ፤ ድንጋዩ ዝጎ አይሠራም። ያን የመስከረም 1 ቀን ማምሻውን የእህቴ ልጅ ቤቴ መጥቶ ሲያገላብጠው «ጋሼ፣ አዲስ ድንጋይ ቢገባለት ይበራል እኮ» አለኝ። ጥያቄውን በጠዋት የጠየቀኝ እርሱ ነበር፤ መልሱንም ምናልባት የሚያገኘው የእርሱ ትውልድ ይሆናል።

ቸር ይግጠመን።